ውሃው ታች ደረሰ ወይ?

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ጧት ጧት እንቅልፍና ንቃት ተቀላቅለውብኛል። የእንጅባራ ጉም እንደሆነ ክረምት ከበጋ ሳይል ከደጅ ቆሞ ነው የሚያድረው፤ በር ሲከፈትለት ልግባ አልግባ እያለ ደፉ ላይ ያመነታል። እኔም አልጋዬ ላይ ሆኜ እንደዚያው አመነታለሁ። ስብሰባ የጠራሁ ይመስለኝና ቦርሳዬን ፍለጋ እጄን ወደ ራስጌ እሰዳለሁ። ባለቤቴ ይታይሽ ታዲያ አይታ አታልፈኝም። «አንተ ሰውዬ፣ ደግሞ ማንን ልታደራጅ ነው? እኔ እንደሆንኩ ድሮ ተደራጅቻለሁ፤ ተኛ» ትለኛለች።

ሥራዬ ማደራጀት ነበር። የገበሬ ማኅበር ሲባል የገበሬ ማኅበር፣ ኅብረት ሥራ ሲባል ኅብረት ሥራ፣ የመስኖ ውሃ ተጠቃሚዎች ሲባል እሱንም። መንግሥት በተለወጠ ቁጥር ስሙ ይለወጣል እንጂ ነገሩ አንድ ነው፤ እርስ በርስ የማይተማመኑ ሰዎችን ዛፍ ሥር አስቀምጦ በአንድ ጉዳይ ማስማማት። ደሞዙን አታንሱብኝ፤ ከወር ወር አድርሶኛል። ዛሬ የቢሮው ልጆች በስልክ ግሩፕ ከፍተው ነው የሚያደራጁት። አንደኛው ባለፈው ባጃጅ ተራ አግኝቶኝ፣ «ጋሼ ጌታሁን፣ አሁን እኮ ስብሰባ ለመጥራት አንድ ጣት ይበቃል» አለኝ። «መጥራቱ መች ቸግሮን ያውቃል፣ ልጄ» አልኩት። ሳቀና ሄደ። እኔ ግን ቤቴ ገብቼ ስለ ሚስተር ኮሺ ሳስብ ዋልኩ።

ይህን ሥራ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። ሕንዳዊ ነበሩ፤ ኮሙኒስት ነበሩ፤ በኋላም በአገራቸው የታወቁ የፓርቲ መሪ ሆነዋል። እኔ ዘንድ ግን እስከ መጨረሻው የጂኦግራፊ መምህሬ ነበሩ።

ዳንግላ የመጡት በንጉሡ ዘመን ማብቂያ ላይ ነው። ቀጭን፣ ጠቆር ያሉ፣ ፀጉራቸውን በቅባት ያስተኙ፣ ከጥቁር ጃንጥላቸው የማይለዩ ሰው ነበሩ። ቤታቸው ነጭ ሽርጥ አገልድመው ሲቀመጡ አይተን ስንት ቀን ሳቅንባቸው። ቃሪያ ግን እንደኛው ይበላሉ፤ በእሱ ተከበሩ። «ወንዝ በደብተር አይገባም» ይሉና ቅዳሜ ቅዳሜ ከከተማ ይዘውን ይወጣሉ። እናቴ አውንጊ ተናጋሪ ስለሆነች አማርኛውንም አውንጊውንም እችላለሁ፤ ስለዚህ አስተርጓሚያቸው እኔ ነኝ። የክፍል ጓደኛዬ ፈንቴ ደግሞ የወንዙ ራስ ካለበት ከላይ ሰፈር ስለሆነ መንገድ መሪ እሱ ነው።

አንድ ሰኞ ወንዙን ከነገባሩ በጠመኔ ሰሌዳው ላይ ሳሉልን። ከላይ ሰፈር ተነሥቶ፣ በታች ሰፈር አድርጎ፣ ወደ ቆላ ሲወርድ። «ይህ ውሃ በበጋ ማን ዘንድ ይቀራል?» ሲሉ ጠየቁ። ፈንቴ ኮራ ብሎ «እኛ ዘንድ» አለ። «ታች ሰፈርስ?» «የታቹ ዕድሉ ነው» አለ ፈንቴ። አልተቆጡትም። «እንግዲያው ቅዳሜ ወርደን ዕድላቸውን እንጠይቃቸው» አሉ።

ወረድን። የመጀመሪያው ደጅ የአንጓች አባት ደጅ ነበር። አንጓች ያኔ ውሃ ቀጂ ልጅ ናት፤ እንስራዋን አዝላ ሽቅብ ወጥታ ቁልቁል ትመለሳለች። ሚስተር ኮሺ ይህን ዓይተው ልጅቷ ትምህርት ቤት እንድትገባ ፈለጉ። ታዲያ ለአባትየው አንዲት ቃል አልተናገሩም። ቅዳሜ በመጣ ቁጥር እየሄዱ፣ ደጁ ላይ ዝቅ ብለው ይቀመጡና በእኔ አስተርጓሚነት ስለ በሬው ሸኾና፣ ስለ ገብሱ፣ ስለ ጤዛው ይጠይቃሉ። እኔ በትርጉሙ ደክሜ ልሞት ነው። በመጨረሻ ሰውየው ራሳቸው «እኒህ ሰው የሚፈልጉት ነገር አለ፤ ምንድነው?» ብለው ጠየቁኝ። ያኔ ሚስተር ኮሺ ጃንጥላቸውን አጥፈው «የልጅዎን እንስራ» አሉ። አንጓች በዓመቱ እኛ ትምህርት ቤት ገባች።

የጃንጥላቸውን ነገር ላስረዳ። ዝምታ ሲሆን ጃንጥላውን ማጠፍ ይጀምራሉ። ጨርቁን እጥፍ በእጥፍ፣ በአውራ ጣታቸው እያለሰለሱ፣ ምንም ሳይቸኩሉ። ሰው ዝምታው ይከብደውና ይናገራል። «የተናገረው ሰው የነገሩ ባለቤት ይሆናል፤ ስለዚህ አንተ አትቅደም» ይሉኛል። ሌላም ነበራቸው። ስብሰባ ከመጠራቱ በፊት ቤት ለቤት መዞር። ስብሰባው ላይ ከሁሉ ዝቅ ያለ ቦታ፣ ሴቶችና ድሆች ከሚቀመጡበት ከመውጫው አጠገብ መቀመጥ። የሚቃወመውን ሰው ለብቻው አስቀድሞ ሰምቶ፣ መፍትሔውን በእሱው አፍ ማስነገር። ዕድሜዬን ሙሉ ከዚህ ሌላ ዕውቀት አልነበረኝም።

በመንገድ ላይ ታሪካቸውን ይነግሩናል። አገራቸው ውሃ በቤትና በቤት መካከል የሚተኛበት፣ ሰው ጎረቤቱን ለመጠየቅ በጀልባ የሚሄድበት ነው። አባታቸው የሩዝ እርሻ ያላቸው ባላባት፣ የቤተ ክርስቲያናቸውም ሽማግሌ ነበሩ። የእርሻ ሠራተኞቹ ማታ ሲመለሱ ቤት አይገቡም፤ ሳህንም አይሰጣቸውም። ግቢው ጥግ መሬቱን ጎድጎድ አድርገው፣ ቅጠል ያነጥፉበትና የሩዝ ሾርባ ይፈስላቸዋል፤ እዚያ ጎንበስ ብለው ይበላሉ። ሚስተር ኮሺ ልጅ ሳሉ አንድ ቀን ሄደው ከጉድጓዱ አጠገብ ተቀመጡና «ለእኔም ቆፍሩልኝ» አሉ። አባታቸው በጆሯቸው ጎትተው አስገቧቸው። «ጆሮዬ ድኗል፤ ያ ጉድጓድ ግን እስካሁን አልተደፈነም» ይሉናል። ኮሌጅ ሲገቡ ኮሙኒስት ሆኑ፤ ለእርሻ ሠራተኛ የጎጆ መሬት ይሰጥ ብለው አሳድመው ታሰሩ። ሲፈቱ አባታቸው ወይ ቤቴን ወይ ቀይ ጨርቅህን አሏቸው። ነገሩ እስኪበርድ ተብሎ ኢትዮጵያ ወደሚያስተምሩት አጎታቸው ተላኩ።

እኔ ያን አገር አላየሁትም። ሆኖም ዘንገና ሐይቅ ዳር በተቀመጥኩ ቁጥር ጉሙ ውሃው ላይ ሲወርድ፣ ቀይ ባንዲራ የሰቀሉ ጀልባዎች ከጉሙ ውስጥ ወደ ስብሰባ ሲቀዝፉ ይታዩኛል። በሕልሜ ይሁን በውኔ አላውቅም።

አብዮቱ ሲመጣ የእኛ ካድሬዎች ደስ አላቸው፤ እውነተኛ ኮሙኒስት ከነመጽሐፉ ዳንግላ ተገኘላቸው። ሜዳው ላይ ገበሬ ሰብስበው እንዲያስተምሩ ለመኗቸው። ሚስተር ኮሺ ተነሡና ከፊት የተቀመጡትን ሽማግሌ «ዘንድሮ ገብሱ እንዴት ነው?» አሏቸው። «ዋግ መታው» አሉ ሽማግሌው። «ከመቼ ጀምሮ?» ወሬው ከዚያ ወዲያ ስለ ዋግ ሆነ፤ ሰዉ ሁሉ ተናገረ፤ ካድሬው ማርክሲዝሙን ሲጠብቅ መሸበት። በኋላ ለምን እንዳላስተማሩ ስጠይቃቸው፣ «ገብሳቸው ታሞ የሰው አገር መጽሐፍ ላንብብላቸው?» አሉኝ። ብዙም ሳይቆዩ ውላቸው አለቀና ሊሄዱ ሆነ። አውቶቡስ ተራ ስንሸኛቸው ጃንጥላቸውን ለእኔ ሰጡኝ። «ውሃው ታች ሲደርስ ንገረኝ» አሉ። ፈንቴም አንጓችም አጠገቤ ቆመው ሰምተዋል።

ከዚያ እኔ ሥራ ያዝኩ። ጫግኒ ስመደብ ድምፅ ማጉያ የሚወዱ አለቃ ገጠሙኝ። ሰውየው ሙቀቱንም ሰዉንም በጩኸት የሚያሸንፉ ይመስላቸዋል። መመሪያ ከመጣ ሌላ ነገር ለምን ያስፈልጋል ባይ ናቸው። ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም ይባል የለ፤ መመሪያም እንደዚያው ነው ብላቸው ለሁለት ሳምንት አኮረፉኝ። ወደ ግምጃ ቤት ከተማ ስዛወር ደግሞ አለቃዬ ሥራ ጨርሰው የሚተኙ ሳይሆን ተኝተው ሥራ የሚጨርሱ ነበሩ። እሳቸውን እወዳቸዋለሁ፤ በጋሪና በእግር ቤት ለቤት ስዞር ማንም አይጠይቀኝም ነበር። የቀርከሃ ሠሪዎችን ያስማማሁት ያኔ ነው። የሚቃወሙት ሽማግሌ ቤት ክረምቱን ሙሉ ተመላልሼ ስለ ፈረሳቸው ጉልበት ሳወራ ከረምኩ፤ በስብሰባው ቀን የማኅበሩን ሐሳብ ተነሥተው ያቀረቡት እሳቸው ሆኑ። እኔ መውጫው አጠገብ ተቀምጬ ጃንጥላዬን አጥፍ ነበር።

የሚስተር ኮሺን ወሬ አልፎ አልፎ እሰማለሁ። ሲመለሱ የእርሻ ሠራተኛውን አደራጁ፤ በጀልባ ውስጥ ተደብቀው ከመንደር መንደር ሲቀዝፉ ከረሙ፤ እንደገና ታሰሩ። ኋላ ፓርቲያቸው ምርጫ አሸንፎ እሳቸውም የክልላቸው ምክር ቤት ገቡ፤ የውሃ ሚኒስትር ሆኑ። አባታቸው ሲሞቱ የደረሳቸውን የእርሻ ድርሻ እዚያ ጉድጓድ ላይ ጎንበስ ብለው ይበሉ ለነበሩት ሰዎች ልጆች ሰጡ። ፓርቲው ተሰነጠቀ፤ የወጣትነት ጓደኞቻቸው ወዲያ ማዶ ሆኑ። ምርጫ ተሸነፉ፤ ደግሞ አሸነፉ። ሚኒስትርም ሆነው በአውቶቡስ ነበር የሚሄዱ ይባላል። ስልክ ከመጣ በኋላ ከእኔ ጋር በድምፅ ተገናኘን። እንግሊዝኛና አማርኛ እየቀላቀልን እናወራለን። ሰላምታ የላቸውም፤ የመጀመሪያ ቃላቸው «ውሃው ታች ደረሰ ወይ?» ነው። «ገና ነው» እላቸዋለሁ።

አንድ ጊዜ ደርሶ ነበር። ዳንግላ ወረዳ ስመለስ ፈንቴ የላይ ሰፈር የውሃ አባት ሆኖ አገኘሁት፤ ውሃውን በተራ የሚያከፋፍለው እሱ ነው። አንጓች ባሏ ሞቶባት፣ ልጅ እያሳደገች ታች ሰፈር ድንች ትተክላለች። ሁለቱን ይዤ ቤት ለቤት ዞርኩ። ፕሮጀክት መጥቶ ወንዙ ወደ ቦይ የሚዞርበትን ጠለፋ በሲሚንቶ ሠራ፤ ቦይ ተቀደደ። ድሮ ውሃ የሚዘጋው በሳርና በጭቃ ነበር፤ አሁን የብረት መዝጊያ ከነጓጉንቸሩ ተተከለ። ቁልፉ ለማን ይሰጥ ሲባል አንጓች ብድግ ብላ «ለፈንቴ፤ አብረን ተምረናል» አለች። የመጀመሪያው በጋ መልካም ሆነ። ለሚስተር ኮሺ ልደውል ስል፣ እስቲ ሁለተኛውን በጋ ልይ ብዬ ተውኩት።

በሁለተኛው በጋ የፈንቴ እናት ሞቱ። የታችኞቹ ተራ በሚገባበት ቀን ነው የሞቱት፤ መዝጊያው ተቆልፏል፤ ቁልፉ ፈንቴ ኪስ ውስጥ ነው። ታች ሰፈር በሙሉ ንፍሮውን ተሸክሞ ወጣ፤ ዳስ ውስጥ ተቀመጠ። ፀሐዩ ያነድዳል። ድንቹ አበባ ይዟል። ሐዘንተኛ ፊት የውሃ ወሬ እንዴት ይነሣል? ፈንቴ በእናቱ ሐዘን ራሱንም አያስታውስም። ዘመድ ከጫግኒም ከቲሊሊም እየመጣ ለቅሶው በየቀኑ እንደ አዲስ ይነሣል። እኔም ባለሙያው እዚያው ንፍሮ ይዤ ተቀምጫለሁ፤ ቁልፉ የት እንዳለ አውቃለሁ። አልጠየቅሁም። ዛሬም ቢሆን አልጠይቅም፤ የሚጠይቅ ሰው በእኛ አገር አልተወለደም።

ድንቹ ጠወለገ። የአንጓች ልጅ ብስጭት አሸነፈውና ሄዶ ጓጉንቸሩን በድንጋይ ሰበረው። ወሬው ዳስ ሲደርስ ፈንቴ «የእናቴ አፈር ሳይደርቅ መዝጊያዬን ሰበሩብኝ» አለ። ታችኞቹን ከዳሱ አስወጣቸው፤ ለአርባውም እንዳይደርሱ አለ። የላይ ሰፈር ጎረምሶች ቦዩን በአፈር ደፈኑት። ሽማግሌ ልኬ ነበር፣ ራሴም ተንበርክኬ ነበር፤ ሰሚ አላገኘሁም። ማን ጥፋተኛ ነው ብትሉኝ ማንም። ሰው ሰውን ስላከበረ ውሃው ተቋረጠ። ይህንኑ ለሚስተር ኮሺ ነገርኳቸው። ከዚያ ወዲያ ፈንቴና አንጓች ገበያ ላይ ቢገናኙ እንኳ ፊታቸውን ያዞራሉ። የታች ሰፈር ሰው ማሳው ላይ ለከሰል የሚሆን ዛፍ ተከለበት፤ ሴቶቹ እንደገና ሽቅብ መውጣት ጀመሩ። እኔም እንዲህ እንደሆነ ጡረታ ወጣሁ። የሚያንገበግበኝ ይሄው ነበር።

ባለፈው በጋ የድሮ ተማሪዎች ግሩፕ ላይ ፎቶ መጣ። የሚስተር ኮሺ ሥዕል፣ ቁመቱ የበር ያህል፣ ዙሪያውን በአበባ የተከበበ። ቀይ ባንዲራ፣ የሰው ብዛት፣ ዓይኗን በሻሽ የምትጠርግ ሴት። ጽሑፉን ማንበብ አልቻልንም። ደወልኩ፤ ኔትወርክ የለም። ደግሜ ደወልኩ፤ የለም። ይታይሽ በትከሻዬ ላይ አይታ «አበባ ተደርጎላቸው፤ ምን ትጠይቃለህ?» አለችኝ። ሳልነግራቸው ሄዱ አልኩ።

መርዶ ማለዳ ነው የሚነገር። ሁለት ሽማግሌ ይዤ ጎሕ ሲቀድ የፈንቴን በር አንኳኳሁ፤ ከዚያ ወርጄ የአንጓችን። ሁለቱም አለቀሱ፤ ሁለቱም «ለቅሶው እኔ ዘንድ ይሁን» አሉ። አንዱ ሌላው ዘንድ እንደማይሄድ አውቃለሁ። ስለዚህ ከሁለቱ ሰፈር መካከል፣ የተደፈነው ጠለፋ አጠገብ ያለው ሜዳ ላይ ይሁን ብዬ ወሰንኩ። ቄሱ የክርስትና ስማቸውን ጠየቁኝ፤ አላውቅም አልኩ። «እንግዲያው ፍትሐት የለም፤ ማልቀሱን ግን ማን ይከለክለኛል» ብለው ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ተቀመጡ።

በእኛ በአዊ ትልቅ ሰው ያለ ፈረስ አይለቀስለትም። ከላይም ከታችም ፈረሰኛው ፈረሱን አስጊጦ መጣ። ከፊት አንድ ባዶ ፈረስ ተሳበ። በሌላው ለቅሶ የሟች ጠመንጃና ካባ የሚደረግበት ኮርቻ ላይ እኔ የሚስተር ኮሺን ጃንጥላ አሰርኩ። ልጓሙን የያዝኩት እኔ ነኝ። ሰው ማስቀመጥ፣ ንፍሮ ማዳረስ፣ ፈረሰኛው እንዳይጋፋ መለየት፤ ስሯሯጥ ዋልኩ። ላይኞቹ በወዲህ፣ ታችኞቹ በወዲያ ቆመዋል፤ መካከላቸው ደረቁ ቦይ አለ። ያኔ አንጓች ከመሃል ወጣችና ሙሾ አወረደች፤

ወንዙን በጠመኔ የሳለልን መምህር፣
ውሃው ታች ሳይደርስ ገባ ወይ አፈር።

ደረቷን እየመታች ደጋገመችው። ሜዳው በሙሉ ተላቀሰ። ዞር ብዬ ባይ ፈንቴ ቦዩን ተሻግሮ ሲመጣ አየሁ። እጇን ያዘና «ይብቃሽ አንጓች፤ ደረትሽ» አላት። ከስንት ዓመት በኋላ የመጀመሪያ ቃሉ ነው። ንፍሮውን ከአንድ ሰፌድ ቆነጠሩ። ፈንቴ ሳይነሣ በፊት «በሳልስቱ ቦዩን እንጠርጋለን፤ የመምህራችን መታሰቢያ ይሁን» አለ። ሰዉ ይሁን ይሁን አለ። እኔ ፈረሱን እንደያዝኩ እግሬ መሬት መርገጡን አላውቅም ነበር።

በማግስቱ ሲመሻሽ ስልኬ ጮኸ። የሚስተር ኮሺ ልጅ ናት። ስንት ጊዜ ደውዬ እንደነበር አይታ ነው። በተሰበረ እንግሊዝኛዬ እግዜር ያጥናሽ ልላት አፌን ስከፍት «ቆይ፣ አባቴ ሊያነጋግርህ ይፈልጋል» አለችና ስልኩን አቀበለች።

«ጌታሁን፤ ውሃው ታች ደረሰ ወይ?»

ለካ ያ ሁሉ አበባ የሽኝት ኖሯል። ሚስተር ኮሺ ከፓርቲ ኃላፊነታቸው በክብር ተሰናብተው ነው። ራሳቸው ከሥዕሉ ሥር ወንበር ላይ ተቀምጠው ነበር፤ ሰው ከቧቸው አይታዩም እንጂ። እነሱ ዘንድ አበባ ለቆመ ሰውም ይደረጋል። ጡረታን ከሞት ያምታታሁት እኔው ጡረተኛው ነኝ።

«አልቅሰንልዎት ነበር» አልኳቸው። ሳቁ፤ ሳል እስኪይዛቸው ሳቁ። «ማን ማን መጣ?» አሉ። ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ባዶውን ፈረስ፣ ጃንጥላውን፣ ሙሾውን፣ የፈንቴን እጅ። ሳቃቸው ቆመ። «ታዲያ ቦዩ እስኪጠረግ ሞቼ ልቆይላችሁ?» አሉ።

«ይቆዩልን» አልኩ፤ ከልቤ ነው ያልኩት።

«አይሆንም ጌታሁን» አሉ። «እኛም ፓርቲ ውስጥ ለሕዝቡ ጥቅም ነው እያልን የሸሸግነው ነገር ነበር። የአንድ የትግል ጓዳችንን ጥፋት ሸሸግን። ሲገለጥ ሕዝቡ ጥፋቱን ይቅር አለን፤ መሸሸጋችንን ግን እስከ ዛሬ አልማረንም። ነገ ንገራቸው።» ያ ሌሊት እንዴት እንደነጋ አትጠይቁኝ።

በሳልስቱ ጧት ሁለቱም ሰፈር አካፋና ዶማ ይዞ ጠለፋው ላይ ተሰብስቧል። ከሁሉ ዝቅ ካለው ቦታ ሣሩ ላይ ተቀመጥኩና ነገርኳቸው። ሚስተር ኮሺ በሕይወት አሉ፤ ፎቶውን በስሕተት የተረዳሁት እኔ ነኝ፤ ቦዩን መጥረግም መተውም የእናንተ ነው። ጃንጥላውን አውጥቼ ማጠፍ ጀመርኩ።

«በማለዳ በሬን አንኳክተህ ሞቱ አልከኝ» አለ ፈንቴ። «በአደባባይ አለቀስኩ። አሁን ደግሞ ቆመዋል ትላለህ። ለቆመ ሰው አልቅሰን ልንስማማ ነው?» አካፋውን ትከሻው ላይ አደረገና ወደ ላይ ዞረ። ሰዎቹም ዞሩ።

«ፈንቴ» አለች አንጓች። ድምፅዋ ዝግ ያለ ነው። «እኔ ለመምህሩ አይደለም ያለቀስኩት።»

ቆመ።

«ለእናትህ ነው። ከትምህርት ቤት ስመለስ በደጇ ሳልፍ ቆሎ የምትቋጥርልኝ ሴት ናት። ንፍሮዋን ይዤ ከዳስህ አስወጣኸኝ፤ አርባዋንም ከለከልከኝ። ማልቀሻ አጣሁ። ይኸው መምህሩን እየጠራሁ እሷን አለቀስኩ። እንባዬን መልሽ ካልከኝ አልመልስም።»

ፈንቴ ጀርባውን እንደሰጠን ፊቱን በእጅጌው ጠረገ። ከዚያ ዞሮ «ልጅሽ የታል?» አለ። ጓጉንቸሩን የሰበረው ልጅ፣ ዛሬ ጢሙን ያበቀለ ጎልማሳ፣ ከኋላ ወጣ። ፈንቴ አካፋውን ሰጠው። «ብረቱን ንቀለው። ከእንግዲህ ሳርና ጭቃ ይበቃናል፤ ሐዘን ቢሆን፣ ሠርግ ቢሆን፣ ተራው የደረሰ በእጁ ይከፍተዋል» አለ።

ውሃው ከሰዓት በኋላ ታች ሰፈር ገባ። ቅጠልና አቧራ እየገፋ፣ እየቆመ፣ ደግሞ እየሄደ። አንጓች ማሳዋ ጫፍ ላይ ቆማ ጠበቀችው። እኔ ኔትወርክ ፍለጋ ጉብታው ላይ ወጣሁና ደወልኩ። «ደረሰ» አልኳቸው። «እስከ የት?» «እስከ አንጓች ማሳ።» ከዚያ ወዲያ ስለ ውሃው ጠይቀውኝ አያውቁም። ስለ ገብሱ ነበር የሚጠይቁኝ።

ዘንድሮ ክረምቱ ሊገባ ሲል ልጃቸው ራሷ ደወለችና «አባቴ አረፈ» አለችኝ። «እርግጠኛ ነሽ?» አልኳት። እያለቀሰች ሳቀች፤ አባቷ ያንን ለቅሷችንን ለጠያቂ ሁሉ ሲያወሩት ኖረዋል አለችኝ። በማግስቱ ጃንጥላዬን ይዤ በመጀመሪያው ሚኒባስ ወጣሁ። ፈንቴና አንጓች ከነሰዎቻቸው ቦይ ጠረጋ ላይ ነበሩ። ነገርኳቸው።

ፈንቴ አካፋውን ጭቃው ላይ ተከለው። «ለአንድ ሰው ሁለት ጊዜ አይለቀስም» አለ፤ «እኛ አልቅሰናል።»

አንጓች ግን እኔን ትመለከታለች። «አንተ አላለቀስክም ጌታሁን። ያን ቀን ፈረስ ይዘህ ሰው ስታስቀምጥ ነው የዋልከው» አለችኝ። እውነቷን ነው። ሥራዬ ሆኖ ሰው ሳስለቅስ ዋልኩ እንጂ የራሴን አላወጣሁትም። «ቁጭ በል» አለች፤ «ቦዩን እኛ እንጠርገዋለን።»

ከሁሉ ዝቅ ካለው ቦታ ተቀመጥኩ። ካፊያው ጀመረ፤ ጃንጥላውን ዘረጋሁት። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም። ሰዎቹ እኔን ሳያዩ ደለሉን ያወጣሉ፤ ውሃው ከእግሬ ሥር ወደ ታች ይሄዳል። ካፊያው ሲያባራ ጃንጥላውን እጥፍ በእጥፍ አጠፍኩት። አጥፌ ስጨርስ ፈንቴ አካፋ አቀበለኝ።